የሁለት ሰው ኮቴ

እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ሳሎናቸውን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል፤ መጀመሪያ በራሳቸው ነጠላ ጫማ፣ ቀጥሎ በባላቸው በአቶ ጥላዬ ትልቅ የቆዳ ጫማ። ከተማው የመሬት ፈቃድ የሚያድሰው መሬቱ ራሱ በሚቆጥረው ኮቴ ነው። የእሳቸው ፈቃድ የሁለት ሰው ነው፤ የአንዱ ኮቴ ከጠፋ አይራዘምም፣ ቤቱም ይፈርሳል። አቶ ጥላዬ ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል። ዕድሩ ድንኳን እንኳ ሳይጥል፣ በሹክሹክታ ነው የቀበራቸው።

ፈቃዱ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ምንተስኖት መጣ።

"ጋሼ የሉም?"

"ወጣ ብለዋል" አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

ምንተስኖት በሩ ሥር የተቀመጠውን ትልቅ ጫማ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ ጋሼ ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። መሬቱ በመዘገበው ኮቴ ግን ከአራት ወር ወዲህ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ጉልበታቸው ተሽሏቸው ነበር፣ ነገ ግን ያገረሽባቸዋል ብዬ ልጻፍ?"

እትዬ አስካለ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጫማውን አጥልቀው ግራ እግራቸውን ጎተቱ። ሳሎኑ ውስጥ የባላቸውን ኮቴ ሰሙ። ቆም ብለው ሊያዳምጡ ፈለጉ፤ ግን እሳቸው ከቆሙ ድምፁም ይቆማል።