የጋሽ ግዛው ቅዳሜ

ስልኩን ነጥቄ ብዘጋው ኖሮ ሴና ትቀርልኝ ነበር ወይ?

ሴና የልጅ ልጄ ናት፤ ሃይሌ ጋርመንት ሰፈር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ታስተካክላለች። ባልደረቦቿ ቅዳሜ አያውቁ፣ በዓል አያውቁ፤ «አሁኑኑ» ነው የሚሏት። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። ከሁሉም የሚብሱት የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ግዛው ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻቸውን ቢሮ ገብተው፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውሉላት ነበር።

አረፉና፣ የእድራችን ሰው ስለነበሩ ማክሰኞ መካኒሳ መቃብር ቀበርናቸው። ሴናም ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር መጥታ ነበር። ረቡዕ የኮምፒውተር መግቢያቸውን ራሷ ዘጋችው፤ ደንቡ ነው አለችኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ልብስ እያጣጠፍን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። እጇ ስለተያዘ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ሴንዬ፣ አላስገባ አለኝ እኮ። ዛሬውኑ ማለቅ ያለበት ሥራ አለብኝ።»

ድምፃቸው ነው። ያቺ ደረቅ ሳላቸው እንኳ አልቀረችም።

«እሺ ጋሼ» አለች ሴና። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ላፕቶፗን ከፍታ ነካካች። «ከፍቼዋለሁ፤ አሁን ይሞክሩት።»

«አልሆነም። መጥተሽ እዪልኝ።»

«ኧረ ልጄ፣ ዝጊው!» አልኳት። የሰማችኝ አትመስልም።

«የት ነዎት?» አለቻቸው።

«ማክሰኞ መጥተሽ አልነበር እንዴ? እዚያው ነኝ።»

ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ እጇን ያዝኳት፤ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። የመቃብሩ ጭቃ ያልለቀቀውን ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች።