ሌላው ዓይን

ጨርቁ ከግድግዳው ላይ ሲወርድ አደባባዩ በእልልታ ተናጋ፤ ጌሾ ሻጯ ዘመናይ ግን ክው አለች። መናኸሪያው ከተነሳ ወዲህ ጭር ያለውን የደብረ ማርቆስን አሮጌ ገበያ ያነቃዋል በተባለው የሥዕል ፌስቲቫል ላይ፣ ፎቅ የሚያህል የራሷ ፊት በጎኑ ተስሎ፣ ባንድ ዓይኑ ቁልቁል ያያት ነበር። ባንድ ዓይን! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው።

«ልሳልዎት ስትለኝ እሺ ባልሁህ እንዲህ ታደርገኝ?» ብላ ሠዓሊው ላይ ጮኸች፤ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ግራ ጉንጯ ላይ አጥብቃ ይዛ። «ይኸው ሰው ሁሉ ይስማኝ፤ ሌላውን ዓይኔን አምጣ!»

«አለ እኮ፣ እትዬ» አለ ወጣቱ ደንግጦ። «ከማዕዘኑ ወዲያ ነው የሳልሁት። ይምጡ።»

እየተንደረደረች ግድግዳውን ዞረች፤ ሕዝቡም ግር ብሎ ተከተላት። ሌላው ዓይኗ እውነትም እዚያ ነበር፤ ትልቅ፣ ብሩህ። ከሥሩ ደግሞ በልጅነቷ እሳት የበላው፣ ባሏ እንኳ በብርሃን አይቶት የማያውቀው ጉንጯ፣ ከነጠባሳው ያለ ነጠላ ተገልጦ ነበር። ጫጫታው ቀጥ አለ።

«ነፋስ ነጠላዎን የገለጠው ዕለት አየሁት» አለ ሠዓሊው ቀስ ብሎ። «ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መሳል አቃተኝ።»

አገር ምድሩ ቀና ብሎ ጉንጯን እያየ፣ የዘመናይ እጅ አሁንም ነጠላዋን እዚያው ጉንጯ ላይ አጥብቆ እንደያዘ ነበር።