ካለፈው ዓመት ተማሪዎች አንዱ

ወጣቱ ገምጋሚ ነጭ ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈለና ወደ መምህርቷ ዞረ። ነባር ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን እንዲያስጠኑና እንዲያላምዱ ብላ የጀመረችው ፕሮጀክት መጥቀሙ ዘንድሮ ካልተረጋገጠ ሊዘጋ ነበር። “‘ደስ ብሏችኋል ወይ?’ ብለን ብቻ ከጠየቅንማ መሳቂያ ነው የምንሆነው፣ መምህር” አላት ፈገግ ብሎ። “የዘንድሮዎቹን እንዲህ ያለ ድጋፍ ካላገኙት ካለፈው ዓመት አዲስ ገቢዎች ጋር እናወዳድር። ስንቱ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ? አፍ የሚያዘጋው ይኼ ነው።”

“ልክ ነህ” አለችው፤ የማርከሩን ክዳን ግን ትነቅለዋለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ካለፈው ዓመቶቹ አንዱ ሞቷል። በገዛ እጁ ነው ይላሉ፣ ነፍስ ይማር። ፈተናም አልወደቀ፣ መልቀቂያም አልወሰደ። እሱን ከቆጠራው እናውጣው?”

እጇ ባለበት ቆመ። “አይውጣ” አለች ቀስ ብላ። “ጥለው ከሄዱት ጋር ቁጠርልኝ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት እዚህ ቢሮ ይመጣ የነበረው ለካ አብሮት የሚበላ ጓደኛ ስላልነበረው ነው። እኔ እኮ እናቱን ናፍቆ፣ እንደ እናት አይቶኝ የሚመጣ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።”