የተሰፋው ቅል

እማማ ዲንቄ ወተቱን ጎንጨት አሉና አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ጋዝ ጋዝ ይላል። ዘርፉ ምሰሶውን ተደግፋ አማቷን አየቻቸው፤ ይውጡት ይሆን ወይስ ይተፉት? ዋጡት። ዋንጫውን እስከ ታቹ ጨለጡና፣ “ገለቶሚ፣ ልጄ” ብለው አመሰገኗት።

ምነው በተፉት! ባሏ ጉተማ ያንን የጋዝ ቆርቆሮ ከባቡር ጣቢያው ሲያመጣላት ጎረቤት ጠርታ በኩራት አሳይታ ነበር። በአመድ ፈተገችው፣ በፈላ ውሃ አጠበችው፣ ወተት ሞላችበት። ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

“ቅሉስ?” አሉ አማቷ።

ለሰርጓ ከደራ ድረስ ያመጡላት የወተት ቅል ነው። ድሮ ተሰንጥቆ እናታቸው በጅማት ሰፍተውታል፤ በወይራ ጭስ ሲታጠን ኖሯል። ዘርፉ “ጓዳ ነው” ልትል አፏን ስትከፍት፣ አሮጊቷ አጥሩ ሥር ያለውን የአመድ ቁልል እያዩ ነው። የቅሉ አንገት ከአመዱ ብቅ ብሏል። ዳግመኛ ቢሰነጠቅባት ጣለችው፤ የከተማ ሴት የተጣፈ ዕቃ ይዛ እንዳትታይ ብላ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እማማ ዲንቄ ተነሥተው ቅሉን አወጡ። አመዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ከመቀነታቸው ወስፌና ጅማት ፈትተው ስንጥቁን መስፋት ጀመሩ። ቢሰድቧት ምን ነበረበት?

ጉተማ ከሥራ ገባ። “አዮ! መቼ መጣሽ?” ብሎ እናቱን ሳመ። ቅሉን አየ። “ውይ፣ የአያቴ ቅል! ማን ሰነጠቀው?”

“እኔ ነኝ። ከእጄ አመለጠኝ” አሉ እናቱ፣ ቀና ሳይሉ።

“አርጅተሻላ! ከእንግዲህስ ዕቃ ባትነኪ ይሻላል” ብሎ ሳቀ።

እሳቸውም አብረውት ሳቁ። ዘርፉ ያንን ሳቅ አልቻለችውም።

“እሳቸው አይደሉም” አለች መሬት መሬት እያየች። “እኔ ነኝ። ሰንጥቄ አመድ ላይ ጣልኩት።”

እማማ ዲንቄ የጣት ያህል ስንጥቅ ሲቀራቸው እጃቸውን ገቱና ወስፌውን ዘረጉላት።

“እንግዲያው ነይ፣ የቀረውን ጨርሺ።”

አጠገባቸው ተንበረከከች። የእናታቸው ስፌት ጠቁሯል፤ የሳቸው ነጭና ቀጥ ያለ ነው። የሷ የመጀመሪያ ስፌት ጠማማ ሆነ። አማቷ አዩት፤ “ፈትተሽ ድገሚው” ግን አላሏትም።