መስኮት ያለው መርከብ

ሠዓሊው ከመርከብ ሌላ መሣል አይወድም። ጎረቤቱ ደላላው ዳምጠው የሣለውን ሁሉ በጉጉት ስለሚወስድለት፣ ዛሬ አዲሱን ነጭ መርከብ ራሱ ተሸክሞ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሳሎኑ የጉዞ ሻንጣ በያዙ ወጣቶች ተሞልቷል። በግድግዳው ዙሪያ የቀድሞዎቹ መርከቦቹ ተሰቅለዋል።

“ይኸው፣ የእናንተዋ ደግሞ ደረሰች! ወደ የመን የምትሻገሩት በዚህች ነው” አለ ዳምጠው፣ ሥዕሉን ተቀብሎ ከፍ እያደረገ።

አንዲት ልጅ የተሣለውን መርከብ መስኮት ነካች። “እኔ እዚህ ጋ ነኝ!” ያልደረቀው ሰማያዊ ቀለም ጣቷ ላይ ቀረ።

ሠዓሊው ዳምጠው ላይ አፈጠጠ። “አንተ ርኩስ! በኔ ሥዕል ስንቱን ሸኘህ?” አለና ወደ ወጣቶቹ ዞረ። “ልጆቼ፣ እንዳትሄዱ! እንዲህ ያለ መርከብ የለም። እኔ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም!”

ልጅቷ ሳቀች። “አይ ጋሼ! ቦታውን ለዘመዶችዎ ሊያስቀሩት ነው አይደል?”