አራት ጣት

«ቲቸር፣ የኛ ግድግዳ አኩርፏል መሰለኝ፤ ክሩን አልጠጋም ይላል!» ይላል ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

መምህሩም ይስቃል። ዛሬ ሳቅ አይከለከልም። ስለ ዘጠና ዲግሪ ደጋግሞ ሰሌዳ ላይ ስሎ አስረድቷል፤ ልጆቹም ደጋግመው ገልብጠዋል፤ ሲጠይቃቸው ግን ይምታታባቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠመኔውን ትቶ፣ ከብረታ ብረት ሱቅ የገዛቸውን የብሎን ዳዶዎች ከክር ጋር አደላቸው። ዳዶውን በክር አንጠልጥለው የክፍሉ አራት ግድግዳዎች ቀጥ ብለው መቆማቸውን በቡድን እየለኩ ነው።

በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ዳዶው ልስኑን ታክኮ ቆሟል። የኋለኛው ላይ ግን፣ ከጣሪያው ሥር ካለው ሚስማር የወረደው ክር ወለሉ ጋ ሲደርስ ከግድግዳው ርቆ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምን ያህል ራቀ?»

«አራት ጣት» ትላለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥያቄ ስለማይጠፋባት ክፍሉ በሙሉ «ለምን» ብሎ የሚጠራት ልጅ።

«ሚስማሩ ወጣ ብሎ ይሆናል። አስተካክላችሁ እሰሩና እንደገና ለኩት።»

በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል። የጎረቤት ክፍል መምህርት ናቸው። እሱንም በዚሁ ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ሲያያቸው ሳያስበው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ይሄ ክፍል ነው መናኸሪያ? ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው እኮ!»

«ይቅርታ እትዬ፤ የተግባር ትምህርት ሆኖብን ነው።»

«የተግባር! እኔ አንተን በጠመኔ ነው ያስተማርኩህ። ምን ጎደለህ?»

ከኋላ «ለምን» ትጣራለች። «ቲቸር፣ አምስት ሆነ።»

«ምኑ?»

«ጣቱ። ቅድም አራት ነበር።»

«ቅድም የለካው ሌላ ልጅ ይሆናላ።»

«እኔው ነኝ የለካሁት፤ በዚሁ እጄ። ሚስማሩም አልተነካም፣ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። ለምንድነው የሚጨምረው?»

ሊቆጣት አፉን ይከፍታል፤ ይተወዋል። ሄዶ ክሩ ሥር ይንበረከካል። ዓይን ሲያየው ግድግዳው ምንም አልሆነም፤ በዓመቱ መጀመሪያ የተቀባው ነጭ ቀለም እንኳ ገና አልደበዘዘም። ከሥሩ ብቻ የሰሞኑ ዝናብ እርጥበት ልስኑን አጥቁሮታል። ጣቶቹን በዳዶውና በግድግዳው መካከል ሲያስገባ፣ ከላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር እጁ ላይ ይዘንባል።

ቀና ይላል። ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ቀጭን ብርሃን ይታያል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የመምህርቷ ክፍል ብርሃን ነው። ጠዋት ሲገባ እዚያ ምንም ብርሃን አልነበረም።

ክው ይላል። ግድግዳው ወደነሱ እያዘነበለ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የኋለኛው ወንበር ልጆች እየተሳሳቁ ክር ይጠመጥማሉ።

ቢጮህ በር ላይ ይረጋገጣሉ። በሩ አንድ ነው፤ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው።

«ጎበዞች» ሲል የገዛ ድምፁን ይሰማል፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። «አሁን ደግሞ የባንዲራውን ምሰሶ እንለካለን። ክራችሁን ብቻ ያዙ። ከኋላ ያላችሁ ቅደሙ። ቀስ ብላችሁ፣ ግድግዳውን ሳትነኩ።»

«ደብተራችንን ለምን አንይዝም?»

«ለምንዬ፣ በእናትሽ፣ ዛሬ ብቻ አትጠይቂኝ።»

ልጅቷ ፊቱን ታያለች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ልጅ እጁን ይዛ ትወጣለች።

መምህርቷ በእሱ ዓይን አቅጣጫ ወደ ላይ ያያሉ። ይከራከሩኛል ብሎ ይጠብቃል። አይከራከሩም። «ልጆቼ» ይላሉ፣ ድምፅ በሌለው ከንፈር፤ ከዚያ ይሮጣሉ። በዕድሜው ሲሮጡ አይቷቸው አያውቅም።

«ወረቀቱን ተዉት!» ይላሉ ከግድግዳው ወዲያ። «ውጡ! ልጨርስ የለም፣ ውጡ አልኩ!» ደወል ሳይደወል ማንንም ከፈተና አስወጥተው የማያውቁት ሴትዮ።

እሱ የመጨረሻውን ልጅ ጀርባ ገፋ አድርጎ ደጁን ሲያልፍ ከኋላው አንድ ነገር ያቃስታል። ዞሮ ያያል። ግድግዳው እንደጠበቀው በአንዴ አይናድም፤ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ የኋለኛዎቹ ወንበሮች ላይ ይተኛል። ከዚያ ነው ድምፁ የሚመጣው። የጣሪያው ቆርቆሮ ይንሿሿል፤ ክፍሉ በመስኮቶቹ አቧራ ይተፋል።

ግቢው ውስጥ አንድ ልጅ ድንገት ይስቃል፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ይሆናል።

«የቀረ አለ?» ይላል መምህሩ። «ማን ቀረ? አጠገባችሁ የነበረውን እዩ!»

ሊቆጥራቸው ይሞክራል፤ ቁጥሩ ይጠፋበታል። እንደገና ይጀምራል። መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ሁለተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ የሚቀመጠው ወጥቷል? ያቺ ሁልጊዜ የምታስለውስ? ከፊቱ የቆሙትን ፊቶች ያያል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

መምህርቷ ፀጉራቸውም ትከሻቸውም በአቧራ ነጥቷል። ከጥግ ጀምረው የእያንዳንዱን ልጅ አናት በመዳፋቸው እየነኩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። እጃቸው አይቸኩልም። የራሳቸውን ክፍል ጨርሰው «ሙሉ ነው» ይላሉ፤ ወደ እሱ ልጆች ይሻገራሉ። የምታስለውን ይነካሉ። መስኮቱ ጋ የሚቀመጠውን ይነካሉ። «ለምን»ን ሲነኩ ልጅቷ አንዴ ወገባቸውን አቅፋ ትለቃለች።

ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠው እሱ ጋ ይደርሳሉ። እጃቸው አናቱ ላይ ያርፋል። ቀጣዩን ቁጥር ይጠሩና ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ።