የይርገዱ ቀይ ብርድ ልብስ

«ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚባለው ተረት ሕግ ሆኖ በየኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ጆሮ ከተገጠመ ወዲህ፣ ይርገዱ ልጇን የምታናግረው በብርድ ልብስ ነው። ልጇ ናሁሰናይ የቤታቸውን ጆሮ በጥጥ ደፍኖ በመገኘቱ ይፈለጋል። ቀዩ ብርድ ልብስ የጋራው በረንዳ ላይ ከተሰጣ «አትምጣ» ማለት ነው። ብርድ ልብሱ ሳይቆሽሽ ለሰበብ እየታጠበ እየታጠበ ሳስቶ ወንፊት መስሏል።

ዛሬም ፈላጊዎቹ ደረጃው ሥር ስለተቀመጡ አጥባ አሰጣችው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ጎረቤቷ እትዬ ሽታዬ ብርድ ልብሱን ታቅፈው ገቡ።

«አንቺ እንቅልፋም! በዝናብ ሲበሰብስ ዝም ትያለሽ? ይኸው፣ ሰበሰብኩልሽ!»

ግድግዳው እየሰማ ምን ትበል?

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ግን ሳሙናው አልለቀቀም፤ ዝናቡ ያለቅልቅልኝ» ብላ ነጥቃቸው ወጣች።

«ሰው ልብሱን ከዝናብ ያስገባል፣ እሷ ታስወጣለች!» አሉ እትዬ ሽታዬ ለግድግዳው።

ብርድ ልብሱን ስትዘረጋ ናሁሰናይ ከማዶ መንገዱን ሊሻገር አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳርፎ ነበር። ቀና ብሎ አየ። እግሩን መለሰና ዞሮ ሄደ።

ከስቷል፤ ጃኬቱ ሰፍቶታል። «ብላ» የሚል ብርድ ልብስ ግን አልነበራትም።